መጨረሻውን የለጠፍኩበት መጽሐፍ

ሰቆጣ ውስጥ እኔ በሁለት ነገር ነበር የምታወቀው። አንደኛው ሥራዬ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከጽጽቃ እስከ ፃግብጂ እየዞርኩ ወይፈን እኮላሻለሁ፣ ከብት እከትባለሁ፣ ፌስታል የዋጠች ፍየል ስትመጣልኝ ሆዷን ከፍቼ አጸዳለሁ። ሁለተኛው አመሌ ነው። ሰው የማይሞትበት መጽሐፍ አይጥመኝም ነበር። አንድ ሰው ብቻ ከሞተ ደራሲው ሰንፏል እላለሁ። ሕፃን ከሞተማ እሰይ! ያኔ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ፣ ሻዬን አስቀድቼ፣ ተመቻችቼ ነው የማነበው። «ልጅ ለመግደል የማይደፍር ደራሲ ምን ደራሲ ነው?» የምትል አባባልም ነበረችኝ፤ በየሄድኩበት እደግማታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያኔ ገና አልወለድኩም ነበር።

ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ልብ ወለድ እንደ ልብ አላገኘሁም። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣን ሠራተኞችና ጥቂት የአገሩ ሰዎች ሆነን አንድ ማኅበር መሠረትን። ልክ እንደ ጽዋ ማኅበር ነው፤ ከቤት ወደ ቤት በጽዋው ፋንታ መጽሐፍ ይዞራል። ለስልጠና ወደ ወልድያም ሆነ ወደ ባሕር ዳር የወጣ ማኅበርተኛ አንድ መጽሐፍ ሳይዝ አይመለስም። መጽሐፉ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳምንት ይቀመጥና ዙሩ ሲያልቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ቤት ተሰብስበን እንጨቃጨቅበታለን። የጽዋ ማኅበር መሪ ሙሴ ይባል የለ? እኛም ሙሴ ነበረን። እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ሥልጣን ካለ ሕግ ማውጣት አይቀርም። አንድ ሕግ አወጣሁ፤ መጨረሻውን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ተራውን ያጣል። ያቺን ሕግ ያወጣሁት በአንዲት ሴት ምክንያት ነው።

ሴትዮዋ የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ከእኛ ጋር በአማርኛ ይጫወታሉ፣ ፋይል ሲቆጥሩ ግን በኽምጣኛ ነው፣ በሌላ ቋንቋ የተቆጠረ ፋይል አያምኑም። አንድ ቀን ደብዳቤ ፍለጋ ስገባ የማኅበሩን መጽሐፍ ከኋላው ገልጠው አገኘኋቸው።

«እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«መጨረሻውን እያየሁ ነዋ።»

«ላም በጅራቷ በኩል ነው እንዴ በረት የምትገባው?»

«እንደ ላሟ ነው» አሉና ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። እሑድ በሰው ሁሉ ፊት አነሳሁት። እትዬ የመጽሐፉን ጣዕም እያበላሹ ነው፣ ማኅበሩ ሥርዓት ያስፈልገዋል፣ ምናምን ብዬ ከተራው አስወጣኋቸው። ለምን እንደዚያ እንደሚያነቡ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። እትዬ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሺ ልጄ» አሉ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ።

የሚገርመው ግን ከዚያም በኋላ መጽሐፎቻችን ሲገነጣጠሉ በመርፌና በክር የሚሰፉልን እርሳቸው ነበሩ። እኛ እያነበብን እንገነጥላለን፣ እርሳቸው እንዳያነቡት የተከለከሉትን መጽሐፍ ይጠግኑልናል። እኔም ወስጄ እሰጣቸዋለሁ፣ ተጠግኖ ሲያበቃ እቀበላለሁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እወጣለሁ። ምንም አልመሰለኝም። ድንጋይ!

ከዚያ ሴት ልጅ ወለድኩ። እርግጥ የወለደችው ባለቤቴ ናት፤ አንደኛ ክፍል የምታስተምር የዚሁ የዋግ ልጅ ናት፣ «ወለድኩ» ስል በሰማች ቁጥር «ምጡ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። ልጅቱ ክርስትና ሳትነሳ ነው እንግዲህ አንድ ልብ ወለድ ይዤ የተቀመጥኩት። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ አንድ ሕፃን አሳለ። ሳል ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም! መጽሐፉን ዘግቼ ሄጄ ልጄን አየኋት፤ ተኝታለች። ተመልሼ ገለጥኩት። ሕፃኑ አሁንም አሳለ። እንደገና ሄጄ አየኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስመላለስ ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። መጽሐፉን ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቅዬ ተገላገልኩት።

በዚያ ዓመት ያነበብኩት ምርጥ ድርሰት ቢኖር ከትኩሳት ማስታገሻ ሽሮፕ ጋር የሚመጣው መመሪያ ነው። አትሳቁ። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ የታዘዘውን ያደረገ ሰው አይሞትበትም። ቀጥሎ የክትባት ካርዱ ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ቀኑ ሳይቀር ተጽፎበታል። ይህን የመሰለ ደራሲ ከየት ይገኛል?

ልጄ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች አንድ ከሰዓት በኋላ ሰውነቷ ጋለ። እኔ በቀን የሃምሳ ፍየል ትኩሳት የምለካ ሰው፣ ያገኘሁትን ጫማ አጥልቄ፣ ባጃጅ አስቁሜ፣ ልጄን አቅፌ ሆስፒታል ገባሁ። ነርሷ አፏን ከፈት አድርጋ አየችና «ጥርስ እያበቀለች ነው» አለችኝ።

«ኧረ እሳት ናት እኮ! ደህና አድርገሽ እያት።»

«ጥርስ ነው፣ ወንድሜ። ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሐኪም ነኝ።»

«የምን?»

ልጄን አቅፌ ወደ በሩ አመራሁ። ስወጣ ዝቅ ብዬ ባይ አንዱ እግሬ የእኔን፣ ሌላው የባለቤቴን ጫማ አድርጓል።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የባሰብኝ። መጽሐፍ ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ መጨረሻውን ማየት ጀመርኩ። ልጁ ተርፏል? ተርፏል። እፎይ፣ ከመጀመሪያው እንጀምራ። ይህን ሁሉ የማደርገው ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቀርቅሬ ነው። ያወጣሁትን ሕግ ያን ቀን መሻር ነበረብኝ። ለእትዬም ሄጄ «አጥፍቻለሁ» ማለት ነበረብኝ። ግን ሙሴ ነኝ፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። እትዬ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በመዝገብ ቤቱ በር ሳልፍ «ልጅቷ እንዴት አደረች?» ሳይሉኝ አይቀሩም። አንድ ቀን እንኳ ረስተው አያውቁም። «ደኅና» ብዬ በፍጥነት አልፋለሁ። እያደር ያቺን በር ማለፍ ከበደኝ።

ቤት ውስጥስ ቢሆን? ልጅቱ ሦስት ዓመት ሲሆናት ተረት አምጣ ትለኝ ጀመር። ጅቡ የፍየሏን ግልገል አገኛት እላለሁ፤ ከዚያ ጭንቅ ይይዘኛል፣ መብላት የሚባለውን ነገር ማውራት አልችልም።

«ከዚያስ?» ትለኛለች።

«ከዚያማ ጅቡ ጾም ላይ ነበርና ዝም ብሏት አለፈ።»

ልጄ ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ አሰበች አሰበችና «ፋሲካ መቼ ነው?» አለችኝ።

እናቷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ደብተር ስታርምበት የነበረውን እስክሪብቶ ጣለች። እንግዲህ እዩት፣ የእኔ ጭካኔ የት ሄደ ብላችሁ ብትጠይቁ ሳይቀነስ ወደ ልጄ ነው የተላለፈው። እርሷ ግልገሏ ተበልታ አጥንቷ ሲቆረጠም ካልሰማች አትተኛም።

እንዲህ እንዳለን አምና ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከማኅበርተኞቻችን አንዱ የሆነው የሒሳብ መምህር ከወልድያ አዲስ መጽሐፍ ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነበር። ታሪኩ የአንድ ደሃ ገበሬ ነው። የአምስት ዓመት ልጁ ይታመምበታል፤ በቅሎ ተውሶ ልጁን አቅፎ ሐኪም ወዳለበት ከተማ ጉዞ ይጀምራል። መጽሐፉ በሙሉ ያቺው መንገድ ናት። እንደ ልማዴ ቀርቅሬ ገባሁና መጨረሻውን አየሁ። የከተማው ቆርቆሮ ከሩቅ እያብለጨለጨ ልጁ በአባቱ ክንድ ላይ ይሞታል።

ለራሴስ እሺ፣ አላነበውም። ባለቤቴ ግን ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሁለተኛው ልጃችን ሊወለድ ሁለት ወር ቀርቶታል። መጽሐፍ ቤት ከገባ ደግሞ እርሷም ሳታነበው አይወጣም። ነፍሰ ጡር ሴት እንዲህ ያለ ነገር ታነባለች? አይሆንም አልኩ። ከመዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮላ አነሳሁና፣ ከቆርቆሮው ማብለጭለጭ በኋላ ያሉትን ስድስት ቅጠሎች እርስ በርሳቸው፣ የመጨረሻውንም ከሽፋኑ ጋር ለጠፍኳቸው። ሽፋኑ የወፈረ ከመምሰሉ በቀር ምንም አያስታውቅም። ባለቤቴ አነበበችውና «ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻው ላይ ቸኮለ» አለችኝ።

«አዎ፣ እነዚህ ደራሲዎች መቼም» አልኩ።

ሳምንቱ ሲያልቅ ልፈታው ብል እንቢ አለኝ። ውሃ ነካ ባደርገው ወረቀቱ ሊቀደድ ሆነ። እንደዚያው እንዳለ ለባለተራው አሳለፍኩት። አምስት ሰው በተራ አነበበው፣ አንድም የጠረጠረ አልነበረም። የሒሳብ መምህሩማ መንገድ ላይ አስቁሞ «ያ መጨረሻ! ደረሱ ወይስ አልደረሱም ሳይለን ለእኛ ተወው፣ ብስለት ማለት ይህ ነው» አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩለት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እኔን ነው።

እሑድ ልንሰበሰብበት ሐሙስ ላይ ኮላው አክርሮት ነው መሰል የመጽሐፉ ጥራዝ ተሰነጠቀ። አንዷ ማኅበርተኛ ያለ እኔ እውቀት ወስዳ ለእትዬ ሰጠቻቸው። ዓርብ ጠዋት እትዬ መጽሐፉን ፋይል ውስጥ ከተው ቢሮዬ ገቡ።

«በሩን ዝጋው ልጄ» አሉኝ።

ዘጋሁት። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ወረቀት ስለጥፍ ኖሬያለሁ» አሉ። «ይህ ፈስሶበት የተጣበቀ አይደለም። ታስቦበት የተለጠፈ ነው።»

«ማን ይመስልዎታል?» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! በዚያ ሰዓት እንኳ አላፈርኩም።

«ቤቱ ልጅ ያለው ሰው።»

እትዬ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ያሻሹታል።

«አልፈታሁትም፣ አትፍራ። ግን እስከ ተለጠፈው ድረስ አንብቤዋለሁ። ከተራ አስወጥተኸኝ ነበር፣ ዘንድሮ ሕግህን ጣስኩብህ። መጨረሻውን ላይ ብል ተዘግቷል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ።»

«ይጠይቁኝ፣ እትዬ።»

«ይደርሳሉ?»

መዋሸት ይቻላል። ስድስቱን ቅጠል የለጠፍኩት ለመዋሸት አይደል? አፌን ከፍቼ «አዎ» ልል ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አቃተኝ።

«አልደረሱም» አልኩ።

«እኛም አልደረስንም» አሉ።

በቅሎ እንኳ አልነበራቸውም። ከፃግብጂ የመጀመሪያ ልጃቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ በእግራቸው ነበር የመጡት። እርሱም አምስት ዓመቱ ነበር። የሰቆጣ ቆርቆሮ ሲታያቸው «ይኸው ደረስን» አሉት፤ አልመለሰላቸውም። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ፋይል ቁጥር እንደሚነግሩኝ ዓይነት ነው የነገሩኝ።

«ከዚያ ወዲህ ነው መጨረሻውን ቀድሜ የማየው» አሉ። «መጨረሻውን ካወቅኩ አብሬያቸው ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ የሚሉትንም እሰማለሁ። ካላወቅኩ ግን መንገዱን ሁሉ እሮጣለሁ። አሁን መሮጥ ይደክመኛል ልጄ።»

እኔ ያን እሑድ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ላምና በረት እያልኩ የቀለድኩባቸው እኚህ ሴት ናቸው። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይህ ነው። ነግ በኔ ማለትን ያላወቅኩ፣ ሳልወልድ ሰው የሆንኩ የመሰለኝ ሞኝ! አጎንብሼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝ፤ እንባዬ ግን አልያዝ አለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ» አልኩ። ሌላ የሚባል ነገር ቢኖር ኖሮ እለው ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «ኮላውን ግን ይቅር አልልህም። ጠፋ ብዬ ሦስት ሰው ጠርጥሬ ኩርፊያ ላይ ነኝ።»

እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅኩ። «መጽሐፉንስ በእንፋሎት ልፍታው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተወው» አሉ። «አባትና ልጁ ይሂዱበት።»

እሑድ ሻይ ቤት ሁሉም እንደተቀመጠ ተነሳሁና ሁሉንም ተናዘዝኩ። ኮላውን፣ ሽንት ቤቱን፣ መቀርቀሪያውን። የእትዬን ልጅ ነገር ግን አላነሳሁም፤ እርሱ የእርሳቸው ነው። ከዚያ ጉድ ፈላ።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ የሒሳብ መምህሩ። «መጨረሻው ክፍት ነው ብዬ ተማሪዎቼ ድረስ ያስተማርኩት ኮላ ነው ማለት ነው?»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ልጅ ለመግደል የማይደፍር ደራሲ ምን ደራሲ ነው ስትለን አልነበር? አንተው አይደለህ እንዴ? በል አሁን ድገማት!»

አልደገምኳትም። አብራኝ የመጣችው ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። «እኔን ነው እንደ ሕፃን የሸፈንከኝ?» አለችኝ። «በየቀኑ የስድሳ ልጅ ንፍጥ የምጠርግ ሴት መጽሐፍ ይገድለኛል?» ከዚያ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ለእኔ ብለህ አይደለም፣ አውቄብሃለሁ» አለችኝ። ልክ ናት።

ሕጉ በዚያው ተሻረ፣ ሙሴነቴም አብሮ ተሻረ። እትዬ እንዲመጡ ሰው ተላከ። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበላቸው። ማኅበሩ በአንድ ድምፅ ሙሴ አደረጋቸው፤ ከእንግዲህ የሚመጣ መጽሐፍ ሁሉ የመጀመሪያ ተራው የእርሳቸው እንዲሆንም ተወሰነ። እትዬም አንድ ሕግ አወጡ። የመጀመሪያው አንባቢ በሽፋኑ ውስጥ በእርሳስ የሚያስፈልገውን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ማየት የፈለገ ያያል፣ ያልፈለገ ጣቱን ከድኖበት ያልፋል። ያን ቀን ሻያቸውን እስከ አተላው ጠጡት።

ይህን ጽሑፍም ለእትዬ ሳላስነብብ አላወጣሁትም። መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ጀመሩ። አንብበው ሲጨርሱ «ይሁን፣ ሰው ይወቀው» አሉ።

ሁለተኛው ልጃችን በሰላም ተወለደ፣ ወንድ ነው። ባለፈው ወር አዲስ መጽሐፍ ከባሕር ዳር መጣና እትዬ ጋር ሳምንቱን ቆይቶ ወደ እኔ ተላለፈ። ሽፋኑን ስገልጥ በዚያ ፋይል በሚጽፉበት ቀጥ ያለ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል። «ሕፃን አይሞትም። ገጽ መቶ አርባ ላይ ያስላል፣ አትደንግጥ፣ ጉንፋን ነው። አህያዋ ግን ትሞታለች። አንተ ሐኪም ነህ፣ ቻለው።»

ሰኞ ጠዋት በመዝገብ ቤቱ በር ሳልፍ እትዬ እንደ ወትሯቸው «ልጅቷ እንዴት አደረች? ትንሹስ?» አሉኝ። አሁን ያቺን በር ሮጬ አላልፋትም። ቆሜ «ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ እግዜር ይመስገን» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የቀላ ዓይኔን ትክ ብለው አዩት።

«አህያዋ ጋ ደርሰሃል ማለት ነው» አሉ።